የቱፋ ኮምፒውተር አልነሳ አለ

ሚያዝያ 14 ቀን 2005፣ ሮቤ

ይህን ደብተር ልጄ ለሚ ነው የገዛልኝ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዢበት ብሎ። ቃለ ጉባኤው ሌላ ወረቀት ይፈልግ። ቢሮ ውስጥ ጁሀራ ወሬ ታበዛለች ይሉኛል። ደብተር አፍ የለውም፣ አያቋርጠኝም፣ ተስማምተናል።

ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሠራተኛ በሙሉ የትምህርት ማስረጃውን ከነትራንስክሪፕቱ እስከ ሰኔ 28 ያቅርብ፤ ያላቀረበ ከሥራ ይሰናበታል። አጣሪ ኮሚቴም ተቋቁሟል፣ ሰብሳቢው አቶ ዘውገ ናቸው። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የሌላውን ሰው ፋይል ዘጠኝ ዓመት ስጠብቅ የራሴን አይጥ በላው። ወላሂ እውነቴን ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ትራንስክሪፕቴን አይጥ ነው የበላው፣ ያውም ሒሳብ ካለበት ወገን ጀምሮ።

ጎባ የተማርኩበት የማታ ትምህርት ቤት በ2000 ተዘግቷል። የወረቀት መዝገቡ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የቀረው ኮምፒውተሩ ነው። የተማሪውን ሁሉ ውጤት ኮምፒውተር ላይ ያስገባ የነበረው የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ነው፤ መዝጋቢው ደግሞ ባሌ ቱፋ ነበር። በ1999 ነው የሞተብኝ፣ አላህ ይዘንለት። ጸጥ ያለ፣ ነገሩን ሁሉ በሰዓቱ የሚያደርግ ሰው ነበር። ወር በገባ በአንዱ፣ ሱብሒ እንደሰገደ ከቤት የሚወጣባት አንዲት ጉዳይ ብቻ ነበረችው። «ሥራ አለኝ» ይላል። የት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሒሳብ ሃምሳ ስምንት ነው ያመጣሁት። ጭንቀት የለብኝም።

ሚያዝያ 19

ጎባ ሄጄ አገኘሁት! የትምህርት ቤቱ የድሮ ዘበኛ ኦቦ ዳቢሴ ቤት ነው ያለው። ሲዘጋ ዕቃውን በአደራ ሰጥተዋቸው እስከ ዛሬ የመጣ የለም።

«ሃዳ ለሚ! ነጋያ? ሰው እንዲህ ይጠፋል?» አሉኝ፤ እስከ ዛሬ በለሚ እናትነቴ ነው የሚጠሩኝ።

«ነጋያ ኦቦ። ኮምፒውተሩን ፍለጋ ነው።»

«እኔን ሳይሆን?»

«እርስዎንም።»

«እሺ ይሁን። ማር ተቀምጦበታል፣ ቀስ ብለሽ አንሺ።»

እውነትም ከሪራ ቀበሌ የመጣ ማር በማሰሮ ተቀምጦበታል። ማሰሮው ያፈሳል። ፍሎፒ የሚገባበት ቀዳዳ ማር ጠጥቶ ጉንዳን አስተናግዷል። ኦቦ ዳቢሴ በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ሲያስረክቡኝ በጣም ኮስተር አሉ።

«አደራ፣ ጳጉሜ ላይ እንዳታበሪው።»

«ኦቦ፣ ገና ሚያዝያ ነው።»

«እሱማ። ቱፋ ያለኝን ነው የምልሽ።»

ሰውዬው አርጅተዋል። በሚኒባሱ እስከ ሮቤ ሲፒዩውን እንደ ሕፃን ታቅፌ መጣሁ። ረዳቱ ለእሱም ወንበር ክፈይ አለኝ። ጭኔ ላይ ነው ያለው አልኩት።

ሚያዝያ 22

ሙደሲር መናኸሪያው አጠገብ ቴሌቪዥንና ሞባይል የሚጠግነው ሰው ነው፤ የስልጤ ሰው፣ ኮምፒውተርም ይነካካል። ሲፒዩውን ከፍቶ አሸተተው።

«አዴ ጁሀራ፣ ይሄ ማሽን ሞቷል። ሃርድ ዲስኩ ግን ይሽከረከራል። ሥጋውን ትተን ነፍሱን እንውሰድ።»

«ነፍስ አትበል፣ አስተግፊሩላህ በል።»

«አስተግፊሩላህ። ያለውን እንገለብጥና ለሚ ትቶልሽ በሄደው ላፕቶፕ ውስጥ የሌለ ኮምፒውተር እንሠራለታለን። አሮጌው ዊንዶውስ እዚያ ውስጥ ሲነሳ ድሮ ቤቱ ያለ ይመስለዋል።»

«ያለ የሚመስል፣ ግን የሌለ?»

«እንደሱ።»

«እኛ ቢሮ ሦስት አሉ።»

አልሳቀም። ደስ ሲል ግን! ኮምፒውተር በኮምፒውተር ውስጥ። አርባ ሰባት ዓመት ሆኖኝ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሚያዝያ 28

አልተነሳም። መስኮት ከፈተ፣ ጠቆረ፣ አንድ መስመር ጻፈ። በመዝገበ ቃላት ፈታሁት፤ የሚነሳበት ነገር አላገኘሁም ነው የሚለው። ሙደሲር ሁሉንም ገልብጫለሁ ብሎ ይምላል። አቶ ዘውገ ጠሩኝ። ቀሪውን ነገ።

ሚያዝያ 29

አቶ ዘውገ የጠሩኝ ማስረጃዬ የት ደረሰ ብለው ነው። ሰው አይጮሁም፣ ብዕራቸውን ብቻ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። «ወይዘሮ ጁሀራ፣ እርስዎን የመሰለ ሠራተኛ በወረቀት ምክንያት ባጣ አዝናለሁ» አሉኝ። ገና ሳያጡኝ ማዘን ጀምረዋል።

ከሥራ በኋላ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት። ሙደሲር ፋይሎቹን የገለበጠው እንደ ሠርግ ቪዲዮ ነው፣ አንድ በአንድ። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ግን በዓይን የማይታይ ትንሽ ቦታ አለች፤ ማሽኑ መጀመሪያ እሷን አንብቦ ነው የሚነሳው። የቤቱን ዕቃ በሙሉ ጭነን በሩን ጎባ ረስተን መጥተናል ማለት ነው። ዲስኩ ከራስ እስከ እግሩ መገልበጥ አለበት። ለሙደሲር ስነግረው «ማን ነገረሽ?» አለኝ። ማንም፣ አነበብኩ። ራሱን አከከና ከራስ እስከ እግሩ ገለበጠ።

ግንቦት 6

ዛሬ ተነሳ! ማለት መነሳት ጀመረ። ያ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚመጣው የደመና ሥዕል መጣ፤ «ቱፋ!» ብዬ ጮህኩ፣ ሙደሲር ደነገጠ። ሥዕሉ ወዲያው ጠፋና የጥበቃ ስህተት፣ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳ የሚል ጽሑፍ መጣ። አስነሳን። ያንኑ አለ። አሥራ አንድ ጊዜ አስነሳን። አሥራ አንዴም ያንኑ አለ። ሰው ቢሆን ሐሳቡን ይቀይር ነበር።

ግንቦት 9

የአንድ ለአምስት ስብሰባ ነበረን። ሻይ ዕረፍት ላይ ከመደርደሪያው ኋላ ፋይል ስመልስ የቢሮአችን ጸሐፊ አቢጊያ ስታወራ ሰማሁ።

«ባሏ ነበር እኮ መዝጋቢው። ማሽኑ ቢነሳስ? ባሏ የሞላላትን ነው የሚያሳየው።»

ሌላዋ ሳቀች። እኔም በውስጤ ሳቅሁ፣ ምክንያቱም ቱፋን አያውቁትም። ቤት ውስጥ ለራሱ ሁለት ስኳር ሲጨምር የሚነግረኝ ሰው ነበር። ለእኔ ውጤት አይሞላም። ሒሳብ ሃምሳ አምስት ያመጣሁት በራሴ ነው። የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ምን ያህል እንዳመጣሁ ስጠይቀው «አልፈሻል» ብቻ ነው ያለኝ፤ ቁጥሩን ያየሁት ወረቀቱ ላይ ነው። ማየቴን አውቃለሁ።

ግንቦት 13

የስህተቱ ምክንያት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፍጥነት! አሮጌው ዊንዶውስ ሲነሳ የማሽኑን ፍጥነት ይለካል። የዛሬው ላፕቶፕ ከመጠን በላይ ፈጣን ስለሆነ ሲለካ ጊዜው ዜሮ ይሆንበታል፤ በዜሮ ማካፈል ደግሞ አይቻልም፣ ይደነግጣል፣ ይወድቃል። በዜሮ ማካፈል እንደማይቻል የማታ ትምህርት ላይ ተምሬአለሁ። አስተማሪው ጥቁር ሰሌዳውን በቡጢ መትቶ ነው የነገረን።

መጠገኛ አለው። አንድ ደግ ሰው አገሩ የት እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ በነፃ አስቀምጦታል። ለማውረድ ጀመርኩ። መብራት ሄደ።

ግንቦት 14። መብራት የለም።

ግንቦት 15። የለም። አቢጊያ፦ «አዴ ጁሀራ፣ ፊልሙ ተጀመረ?»

ግንቦት 20

በዓል ስለሆነ ቢሮ የለም። የሙደሲር ሱቅም ለስሙ ተዘግቷል፣ በጓሮ ገባሁ። መጠገኛውን አስገባንበት። አስነሳን። ደመናው መጣ፣ ቆየ፣ አለፈ! ዊንዶውሱ ገባ! ሙደሲር እንኳ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጠጋ አለ።

ከዚያ ያ የትምህርት ቤቱ የመዝገብ ፕሮግራም በራሱ ተከፈተ። ማሽኑ ሲበራ ሌላ ነገር ሳያሳይ እሱ ብቻ እንዲመጣ ነው ያሠሩት፣ መምህራኑ ካርታ እንዳይጫወቱበት። አንድ ጽሑፍ ብልጭ አለ፣ ሳናነበው ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ተነሳ። ደግሞ ብልጭ። ደግሞ ጠፋ። በአራተኛው ሞባይሌን ደግኜ ፎቶ አነሳሁት።

«ቀኑን ሳታስተካክል አትግባ» ይላል።

ፕሮግራሙን የሠራው ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ያጻፈው ግን ቱፋ ነው። ቤት ውስጥም እንዲህ ነበር የሚናገረው፤ ጫማሽን ሳታወልቂ አትግቢ።

«ቀኑማ ትክክል ነው» አለ ሙደሲር የላፕቶፑን ሰዓት እያየ። «ምኑን ነው የምናስተካክለው?»

ግንቦት 27

ልብ የሚሰብር ነገር መጣ። ሙደሲር ማሽኑን ሳያስነሳ ከውጭ ሆኖ ዲስኩን ፈተሸ። ውጤት የተቀመጠበት አንድ ፋይል ነው፣ ዝግ ነው፣ ያለ ፕሮግራሙ አይነበብም። ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈበት ቀን ግን ከጎኑ ይታያል። ቀን 15፣ ወር 10፣ ዓመት 1998።

«አዴ ጁሀራ፣ አንቺ አሥረኛን የጨረስሽው መቼ ነው?»

«በ1995።»

«ይሄ ኦክቶበር 1998 ነው፣ በፈረንጅ። በኛ 1991 መሆኑ ነው። አንቺ ከመጨረስሽ በፊት ነው የተዘጋው። ባሌ አስገብቶታል የምትይው ውጤት እዚህ ውስጥ የለም።»

«ቱፋ ሥራ የጀመረው በ1993 ነው እኮ።»

«እንግዲያው ሌላ ማሽን ላይ ይሆናል ያስገባው።»

«ሌላ ማሽን አልነበራቸውም።»

ሙደሲር ዲስኩን በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰልኝ። ከሱቁ ወጥቼ በልጅነቴ እንደማደርገው ጋሪ እየቆጠርኩ ቤቴ ገባሁ። አሥራ ዘጠኝ ጋሪ።

ቱፋ በየወሩ በአንዱ የሚሄደው ሌላ ማሽን ዘንድ ይሆን? እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር።

ሰኔ 5

ኮሚቴው የዘጠኝ ሰው ስም ለጠፈ፣ ማስረጃ ያላሟሉ። ሦስተኛ ነኝ። ስሜን በትክክል ጽፈውታል፣ ጁሀራ ዘይነዲን። ብዙ ጊዜ ይሳሳቱ ነበር።

ሰኔ 10

አቶ ዘውገ እንዲህ አሉ፦ ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው መጥቶ መዝገቡን በዓይኑ ካየ ማኅተም ይደረግበታል። ከሃምሳ በታች የሆነ አማካይ ካለ ግን እንዳልጨረስኩ ይቆጠራል። በእውነቱ ደግ ሰው ናቸው። የሌለ መዝገብ ለማየት ሰው ሊያመጡልኝ ነው።

ሒሳብ ሃምሳ ነበር መሰለኝ። ቢያንስ ሃምሳ።

ለሚ ከአዳማ ደወለ። ሁሉም ደህና ነው አልኩት።

ሰኔ 16

ባዶውን ሲፒዩ ለኦቦ ዳቢሴ ልመልስ ጎባ ሄድኩ። አደራ አደራ ነው። ማሩን ሌላ ዕቃ ላይ አስቀምጠውት ኖሯል፣ ሲፒዩውን ሲያዩ ደስ አላቸው።

«ተነሳልሽ ሃዳ ለሚ?»

«ተነስቶ ነበር። የእኔ ውጤት ግን ውስጡ የለም አሉኝ።»

«ጳጉሜ ላይ አብርተሽው ነዋ!»

«ኦቦ ዳቢሴ፣ ጳጉሜ መች ደረሰ? ለመሆኑ ጳጉሜ ላይ ቢበራ ምን ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቱፋ ነው እንዲህ ያለኝ። ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፣ ጳጉሜ ላይ ማንም እንዳይነካው፣ መስከረም አንድ እኔው መጥቼ አበራዋለሁ አለ። ሌላውንስ ወር መች ያውቅ ነበር? ሠላሳ አንድ ይቆጥራል፣ አንዳንዴ በሃያ ስምንት ያቆማል። ቱፋ ወር በገባ በአንዱ በጨለማ እየመጣ፣ ማንም ሳይነካው ቀኑን ያስተካክልለት ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። በሩን የምከፍትለት እኔ አይደለሁ?»

ቆምኩ። ሲፒዩው እጄ ላይ ነው። ኦቦ ዳቢሴ «ይከብድሻል፣ አስቀምጪው» አሉኝ።

ቱፋ የማሽኑን ሰዓት የሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። የፈረንጁ ሰዓት ጃንዋሪ ብሎ የሚያስበውን ቱፋ መስከረም ይለዋል። እንግዲያው 15፣ 10፣ 1998 ኦክቶበር አይደለም። አሥረኛው ወር ሰኔ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1998፣ በእኛ፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የመጨረሻውን የተማሪ ውጤት ያስገባበት ቀን። የእኔ የ1995 ውስጡ አለ ማለት ነው።

ሌላም ነገር ገባኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ኦቦ ዳቢሴ አንድ ጠርሙስ ማር ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ሲፒዩውንም መልሼ ይዤው መጣሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሰኔ 20

ሙደሲር መጀመሪያ አላመነኝም፣ ቀጥሎ አመነኝ፣ ቀጥሎ ተናደደ። «የኮምፒውተር ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር? ሰውዬው እብድ ነበር እንዴ?» አለ። ሙት አይሰደብም አልኩት። ይቅርታ ጠየቀ።

የሌለው ኮምፒውተር ሰዓት ከላፕቶፑ ነው የሚቀዳው። ወደ ኋላ መጎተት ይቻላል፣ ግን በቀን አይሆንም፣ በወር አይሆንም፤ የሚቀበለው የሰከንድ አንድ ሺኛ ተቆጥሮ ሲሰጠው ነው። ዛሬ በፈረንጅ ጁን 27 ቀን 2013 ነው። ማሽኑ ደግሞ ከመጨረሻው መዝገብ ማግሥት፣ 16፣ 10፣ 1998 ላይ እንዲነሳ ፈለግኩ፤ በላፕቶፑ ቀን ሲነሳ ከመጨረሻው መዝገቡ አሥራ አምስት ዓመት ስለሚዘልል ነው ቀኑን አስተካክል የሚለው። ሙደሲር «ይህን ማን ያሰላዋል?» ብሎ ካልኩሌተር ፈለገ፤ የሱ ካልኩሌተር ስምንት ቁጥር ላይ ይሞላል።

«ወረቀት አምጣ» አልኩት።

አሥራ አራት ዓመት በሦስት መቶ ስልሳ አምስት፣ 5110። አራት ጊዜ ፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝ ሆኗል፣ 5114። ቀሪው ወራት 254 ቀን። ድምር 5368 ቀን። በሃያ አራት፣ በስልሳ፣ በስልሳ አባዛሁ። ልጽፈው፣ ያምራል፦ 463,795,200። ሰጠነው። ማሽኑ ተነሳና አምስት ቀን ብቻ ወደ ኋላ ሄደ። ሙደሲር ከት ብሎ ሳቀ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያጠራቀመው ሳቅ ነው። ለካ የአንድ ሺኛውን ሦስት ዜሮ ረስቻለሁ። ጨመርኩ። 463,795,200,000።

ደመናው መጣ። አለፈ። ቀኑን ሳታስተካክል አትግባ የሚለው አልመጣም። የተማሪ ስም ዝርዝር ወጣ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በፊደል ተራ። 1993፣ 1994፣ 1995።

«ያንቺን ፈልጊዋ» አለ ሙደሲር።

«ምስክር ሲመጣ አየዋለሁ።»

«ምነው?»

«ይደክመዋል፣ ዛሬ ብዙ ተነሳ» አልኩና ዘጋሁት። ሙደሲር «ማሽን ይደክመዋል እንዴ?» አለ። ማር ሰጠሁት።

ሰኔ 26

መጡ። አቶ ዘውገ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይዘሮ ሸዋርጋ የሚባሉ መነጽር ያደረጉ ሴት፣ ሙደሲርም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። አቢጊያ ጥሪ የላትም፣ «ፋይል ልመልስ ነው» ብላ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈትኩ። መብራት ሄደ። ባትሪው ሃያ ደቂቃ ነው የሚይዘው።

«ወይዘሮ ጁሀራ፣ ይሄ መቼም ፊልም አይደለም?» አሉ አቶ ዘውገ ደመናውን ሲያዩ።

«ትዕግሥት ያድርጉ፣ አሮጌ ነው።»

ተነሳ። ስሜን የፈለጉት ወይዘሮ ሸዋርጋ ራሳቸው ናቸው፣ እኔ እጄን ከጠረጴዛው በታች አድርጌአለሁ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። አማርኛ 81። ኦሮምኛ 88። ታሪክ 76። ሒሳብ እስኪደርስ ቆጠርኩ፣ በሆዴ።

«ሒሳብ፣ አንደኛ መንፈቅ 47።»

አቢጊያ ግድግዳውን መደገፍ ተወች።

«ሁለተኛ መንፈቅ 55። አማካይ 51።»

ሃምሳ አንድ! ሃምሳ ስምንትም አይደል፣ ሃምሳ አምስትም አይደል። ቱፋ አርባ ሰባት ያለችውን አርባ ሰባት ብሎ ጽፎ፣ እቤት መጥቶ ከእኔ ጋር እራት በላ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም።

«ያለ ፈቃድ ቀሪ፣ 3 ቀን» አሉ ወይዘሮ ሸዋርጋ ቀጥለው። «የካቲት 1፣ 2፣ 3። ምን ሆነው ነው?»

«ታምሜ» አልኩ። ለሰው ሁሉ ያልኩት እሱን ነው። ግን የሰዎቹ ዓይን እኔ ላይ ነው፣ ባትሪውም እያለቀ ነው። «ገሰራ እህቴ ጋ ነበርኩ። ባሌን አኩርፌ።»

«ባልዎ የት እንዳሉ አያውቁም ነበር?»

«በሦስተኛው ቀን መጥቶ የወሰደኝ እሱ ነው።»

አቶ ዘውገ ብዕራቸውን መክፈትና መዝጋት አቆሙ። «መጥተው ይዘዎት ሄደው፣ ከዚያ ያለ ፈቃድ ብለው ጻፉብዎ?»

«ያለ ፈቃድ ነዋ የሄድኩት።»

ወይዘሮ ሸዋርጋ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አቶ ዘውገ፣ ይህ ሰው ለሚስቱ ሦስት ነጥብ ይጨምራል ብለው ያስባሉ?»

«ይቀንስ ይሆናል እንጂ» አሉ አቶ ዘውገ፣ ፈረሙም። ማኅተሙ ሲመታ ባትሪው አለቀ። አቢጊያ ፋይሉን ሳትመልስ ወጣች፤ ነገ እጠይቃታለሁ፣ መዝገብ ቤት ነኝ።

ሰኔ 28

ትራንስክሪፕቴ ፋይሌ ውስጥ ገባ። ራሴ ቁጥር ሰጠሁት፣ ራሴ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። የአይጥ ወጥመድም አደረግሁ።

ሰኔ 30

እሑድ ነው፣ ረመዳን ሊገባ ነው፣ ቤቴን አጸዳሁ። ከአስር ሰላት በኋላ ማሽኑን አስነሳሁት፣ ሥራ ኖሮኝ ሳይሆን።

የካቲት አንድ ብሎ ጽፏል። ያን ቀን ሱብሒ እንደሰገደ ሲወጣ ነቅቼ ነበር። እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ተኛሁ፣ በሩ ሲዘጋ ተነሳሁ፣ ልብሴን ጠቅልዬ ገሰራ ገባሁ። የት ነበርክ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም፤ እሱም ለምን ሄድሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ያን ጠዋት ጎባ በጨለማ ኮምፒውተሩን የካቲት አንድ ነው እያለው ነበር። ማታ ደግሞ የዕለቱን የቀሪዎች ዝርዝር ከፈተና የእኔን ስም ጻፈ።

አርባ ሰባት ብሎ የጻፈው እጅ ነው። ሌላ ሴት ብትኖር ኖሮ እሷንም ይጽፋት ነበር። ይህን ለማወቅ አሥር ዓመት አስፈለገኝ፣ ሒሳብ ላይ ቀርፋፋ ነኝ።

መስኮቱን ልዘጋ ስል ማሽኑ ጠየቀኝ፤ ላጥፋው ወይስ ባለበት ሁኔታ ላቆየው? ባለበት ይቆይ አልኩት። ውስጡ ያለው ቀን ሰኔ 26 ነው የሚለው፣ አራት ቀን ወደ ኋላ አስቀርቼዋለሁ። ነገ ሐምሌ አንድ ነው። ሱብሒ እንደሰገድኩ ቀኑን አስተካክልለታለሁ።